ግድግዳ መውጣት ለከበደ ልብ ምን ያደርጋል?



ባለፈው ወር ጥናታችንን ጨርሰን ሻይ ስንጠጣ አንዷ እህታችን «እኔ እኮ ሰነፍ ሆኛለሁ፤ እሑድ ሲመጣ እንኳን ከአልጋ መነሳት አቃተኝ» ስትል ሁላችንም ሳቅን። እሷም አብራን ሳቀች። ማታ ግን ቤት ገብቼ ዕቃ ሳጥብ ንግግሯ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት እኔም ልክ እንደሷ ነበር የምለው። ስንፍና አልነበረም። ድባቴ ነበር፤ ያኔ ግን ስሙን አላውቀውም።

በዚህ ወር ጽሑፍ የማዘጋጀት ተራ ሲደርሰኝ ስለዚህ ነገር ልጻፍ አልኩ። ደግሞ እኔን ከረዱኝ ነገሮች አንዱ ማናችሁም የማትጠብቁት ስለሆነ እሱን ላስረዳችሁ ፈለግሁ። ግድግዳ መውጣት ነው። ስፖርቱን ማለቴ ነው፤ ድንጋይና ግድግዳ በእጅና በእግር እየያዙ መውጣት። አትሳቁብኝ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት። «አንቺ» እያልኩ የምጽፈው ለመቅረብ ብዬ ነው፤ ወንድሞቻችንንም ይጨምራል።

እኔና ግድግዳው

ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፣ እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ጦሳን ቀና ብለን እያየን ነው ያደግነው። 12ኛ ክፍል ጨረስኩ፣ ውጤት አልመጣልኝም፣ እንደብዙዎቻችን በኮንትራት ወደ ቤሩት መጣሁ። በሦስተኛው ዓመቴ እናቴ አረፈች። መርዶዬን የሰማሁት በስልክ ነው፣ ያውም ሠልስቱ ካለፈ በኋላ። «እዚያ ብቻዋን ሆና እንዴት ትሆናለች» ብለው ነው የደበቁኝ። መሄድ አልቻልኩም። ለቅሶ የሚቀመጥልኝ ሰው አልነበረም። ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ወጥቼ ምሳ አቀረብኩ።

ለቅሶው አለፈ፣ የቀረው ግን አላለፈም። ለወራት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እየነቃሁ ጣሪያ አያለሁ። እንጀራ ተገኝቶ እንኳን አይጣፍጠኝም። ሥራዬን እሠራለሁ፣ ግን እንደ ማሽን ነው። እዚህ ስመጣ መዝሙሩ ይዘመራል፣ አፌ ይንቀሳቀሳል፣ ልቤ የለም።

በዚያን ጊዜ የማዳም ልጆች ማክሰኞና ሐሙስ ግድግዳ መውጣት ይማሩ ነበር። እኔ ቦርሳና ውሃ ይዤ አግዳሚ ላይ ቁጭ እላለሁ። ቤቱ ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ግድግዳው ላይ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ የፕላስቲክ ጉብጉብ ነገር ተበትኗል፣ ከታች ወፍራም ፍራሽ ተነጥፏል። ልጆቹ ይወጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይስቃሉ። ከአራት ወር በኋላ ነው አሠልጣኟ፣ ወጣት ልጅ ናት፣ መጥታ «ሁልጊዜ ከምትቀመጪ ለምን አትሞክሪም?» ያለችኝ። ማዳምን ጠየቅሁ። ሳቀችና «ልጆቹን እስካየሽ ድረስ ችግር የለም» አለች። ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ፣ ሥር ሱሪ ነበረኝ፣ የተዋስኩትን ጫማ አድርጌ ቆምኩ። ሦስት መያዣ ይዤ ወረድኩ። በቃ ይኸው ነው የመጀመሪያው ቀን።

አሠልጣኟ እጄን ይዛ እያየች «እጅሽ በጣም ጠንካራ ነው፤ የት ተለማመድሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት? አራት ዓመት ምንጣፍ ያራገፈ፣ መጥረጊያ የጨመቀ እጅ ነው። ያን ቀን ግን እጄን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሌላ ነገር አየሁት። የሥራ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የራሴ እጅ ሆኖ ታየኝ።

ማታ ስተኛ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ግድግዳው ላይ በነበርኩባቸው ደቂቃዎች ስለ እናቴ፣ ስለ ብሩ፣ ስለ ኮንትራቱ አንድም ነገር አላሰብኩም ነበር። ከወራት በኋላ ጭንቅላቴ ያረፈው ያኔ ነው።

ነገሩ በትክክል ምንድነው?

መውጣት ብዙ ዓይነት አለው። አንዱ በረጅም ገደል ላይ ወገብን በገመድ አስሮ፣ ታች ያለው ጓደኛ ገመዱን እየጠበቀ የሚወጣበት ነው። እዚህ ሊባኖስ ውስጥ ታኑሪን አካባቢ ያሉ ቋጥኞች በዚህ ይታወቃሉ። ሌላው ቦልደሪንግ ይባላል። ይኼኛው ገመድ የለውም፤ ግድግዳው አጭር ነው፣ ከታች ወፍራም ፍራሽ አለ፣ ብትወድቂ ፍራሹ ላይ ነው። የማዳም ልጆች የሚማሩት፣ እኔም የሞከርኩት እሱን ነው። በኦሎምፒክ እንኳን ገብቷል፤ ግድግዳ መውጣት ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሎምፒክ ውድድር የሆነው በ2021 ቶኪዮ ላይ ነው፣ ቦልደሪንግም የውድድሩ ክፍል ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ቀለም ትመርጫለሽ። ያንን ቀለም ብቻ እየያዝሽና እየረገጥሽ ከታች እስከ ላይ ትደርሻለሽ። ቀላሉም ከባዱም ጎን ለጎን ስላለ ጀማሪዋና ጎበዙ አንድ ግድግዳ ላይ ይሠራሉ። አንድ የገረመኝ ነገር፦ እያንዳንዱን መንገድ «ችግር» ብለው ነው የሚጠሩት። «ይህን ችግር ፈታሁት» ይላሉ። እኔ በመጀመሪያ ስሰማ ሳቄ መጣ። እኛ ችግር ስንል ሌላ ነው የምናውቀው። ይኼኛው ችግር ግን መጀመሪያም መጨረሻም አለው፤ ዛሬ ባይፈታ ሐሙስ እዚያው ይጠብቅሻል።

ድባቴ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ናፍቆት ድባቴ አይደለም። ሆድ መባስም ድባቴ አይደለም። አገር ቤት ደውለሽ ስልኩን ስትዘጊ ብታለቅሺ፣ በማግስቱ ደግሞ ስቀሽ ብትውዪ፣ ያ የሰው ልጅ ጠባይ ነው። ድባቴ የሚባለው መከፋቱ ወይም የምንም ነገር ፍላጎት ማጣቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ ቀኑን ሙሉ ለማለት ይቻላል፣ በየቀኑ ሲቆይ ነው። ከዚያ ጋር እንቅልፍ ይጠፋል ወይም ይበዛል፣ ምግብ ይዘጋል ወይም ያለልክ ይበላል፣ አቅም ይከዳል፣ ሐሳብ መሰብሰብ ያቅታል። «እኔ የማልረባ ነኝ፣ ለሁሉም ሸክም ነኝ» የሚል ሐሳብ ይመላለሳል። አንዳንዴም «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ይመጣል።

እምነት ስለጎደለሽ ነው የሚሉሽ ይኖራሉ። ነቢዩ ኤልያስን አስቢው፤ በበረሃ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን የለመነ ሰው ነው። መልአኩ መጥቶ ያደረገለት መጀመሪያ ምንድነው? አልገሠጸውም፤ ቀስቅሶ አበላው፣ አጠጣው፣ እንደገና አስተኛው። ሥጋችንና ነፍሳችን የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ሥጋን መርዳት ከጸሎት ጋር አይጣላም።

ጀርመኖች ምን አገኙ?

ያ የሆነብኝ ነገር የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ለአሠልጣኟ ስነግራት «ይህ እኮ በጥናት የታወቀ ነው» አለችኝ። የማዳም ትልቋ ልጅም ከስልኳ እያነበበች አስረዳችኝ። የያዝኩትን ልንገርሽ።

ጀርመን አገር ኤርላንገን የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ባለው ዩኒቨርሲቲ ካታሪና ሉተንበርገር የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና ድባቴ ላለባቸው ሰዎች ቦልደሪንግን እንደ ሕክምና ማዋል ይቻል እንደሆነ መረመረች። በ2015 የመጀመሪያውን ውጤት አወጡ። በ2017 ደግሞ ከ100 በላይ ሰዎች ስለተሳተፉበት ሥራ አሜሪካ ውስጥ በተደረገ የሳይኮሎጂ ጉባኤ ላይ ተናገሩ። ሰዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ወዲያው ጀመረ፤ በሳምንት 3 ሰዓት፣ ለ8 ሳምንት። ሁለተኛው ቡድን ተራውን እንዲጠብቅ ተደረገ። ይህ ለምን አስፈለገ? ሰው በጊዜ ብዛት በራሱም ሊሻለው ስለሚችል ነው። የሚጠብቁት ባይኖሩ ኖሮ የረዳው ግድግዳው ይሁን ጊዜው አይታወቅም ነበር።

ድባቴን የሚለኩበት 21 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ድባቴው የከፋ ነው። ግድግዳ የወጡት ሰዎች ነጥብ በአማካይ 6.27 ቀነሰ። የሚጠብቁት ደግሞ 1.4 ብቻ። ስድስት ነጥብ ትንሽ ሊመስልሽ ይችላል፤ ግን አንድ ደረጃ እንደ መውረድ ነው፣ ከመካከለኛ ድባቴ ወደ ቀላል ድባቴ።

«ታዲያ ስፖርት ስለሠሩ ብቻ ቢሆንስ?» ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። እነሱም ጠይቀዋል። በ2020 ባወጡት ሌላ ጥናት 133 ሰዎችን አንዱን ቡድን በቦልደሪንግ ሕክምና፣ ሌላውን ቡድን ቤት ውስጥ በሚሠራ የሰውነት እንቅስቃሴ አድርገው አወዳደሩ። የቦልደሪንጉ ቡድን የበለጠ ተሻለው። ልብ በይ፣ እዚያ የተደረገው ዝም ብሎ መውጣት አልነበረም። ባለሙያ አብሯቸው ነበር፤ በቡድን ይሠራሉ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ መተማመን፣ ስለ ራስ ግምት ይነጋገራሉ፣ ግድግዳው ላይ ይሞክሩታል፣ ከዚያ እንደገና ይነጋገራሉ። ስለዚህ ግድግዳው ብቻውን ፈዋሽ ነው ብዬ አልነግርሽም። ግድግዳው፣ ሰውና ንግግር አንድ ላይ ሆነው ነው የሠሩት።

ለምን ይረዳል?

አንደኛው፣ ሐሳብን ያቋርጣል። ድባቴ ውስጥ ያለ ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ያመነዥካል። «ለምን መጣሁ፣ ለምን ያን ቀን አልደወልኩላት፣ ምን ይሉኛል።» ከብት ቢያመነዥክ ይጠቅመዋል፣ እኛ ግን የምናመነዥከው ራሳችንን ነው። ወለል ስትጠርጊ እጅሽ ይሠራል፣ ጭንቅላትሽ ግን ነፃ ስለሆነ ያመነዥካል። ግድግዳ ላይ ግን አይቻልም። ቀኝ እግሬ የት ነው? ግራ እጄ ይይዛል? ክብደቴን ወዴት ላድርግ? ለሌላ ሐሳብ ቦታ የለም። በዚያ ላይ ሐሳብሽ ሲሄድ ወዲያው ትወድቂያለሽ፤ ፍራሹ ይመልስሻል።

ሁለተኛው፣ «እችላለሁ» የሚለው ነገር ነው። ድባቴ «አትችዪም» ይልሻል። በቃል ብትከራከሪው አያምንሽም። ማክሰኞ አራተኛው መያዣ ላይ ወደቅሽ፤ ሐሙስ አምስተኛውን ያዝሽ። ይህ ክርክር አይደለም፣ የሆነ ነገር ነው። የቤት ሥራችን እንዲህ አይደለም፤ ዛሬ ያጸዳሽው ነገ ይቆሽሻል፣ ማንም «በርቺ» አይልሽም፣ የሚታይሽ ያልጸዳው ብቻ ነው። ግድግዳው ግን የወጣሽውን ያህል ያሳይሻል።

ሦስተኛው፣ መውደቅ ነውር አለመሆኑ ነው። እዚያ ሁሉም ይወድቃል። ጎበዙ ከጀማሪው ይበልጥ ይወድቃል፣ ከባዱን ስለሚሞክር። እኛ የምንሠራበት ቤት አንድ ብርጭቆ ቢሰበር ቀኑን ሙሉ ልባችን ይመታል። እኔ ሳልሰደብ የምሳሳትበት ቦታ ማግኘቴ ራሱ ዕረፍት ነበር።

አራተኛው፣ ሰው ነው። ቦልደሪንግ ላይ አንዱ ሲወጣ ሌሎቹ ታች ቆመው ያያሉ። ላይ ያለው የማይታየውን መርገጫ ታች ያለው ያየዋል። «ግራ እግርሽን ትንሽ ከፍ አድርጊ» ይልሻል፤ ስሙን እንኳን ሳታውቂው። በሁለተኛው ወር የማዳም ልጅ ራሷ፣ ቤት ውስጥ ውሃ አምጪ የምትለኝ ልጅ፣ ታች ቆማ «ያላ፣ ያላ፣ ደርሰሻል!» እያለች ስትጮህልኝ ሰማሁ። ቤት ስንመለስ ውሃ አምጪ ማለቷን አልተወችም። ግን በስሜ መጥራት ጀመረች።

አምስተኛው ሰውነት ነው። ሰውነት ሲደክም እንቅልፍ ይሻላል። «እኛ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ አይደለንም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ታዘሽ የምትደክሚውና ወደሽ የምትደክሚው ድካም አንድ አይደለም። ይህን ማንም ሊያስረዳሽ አይችልም፣ ስትሞክሪው ታውቂዋለሽ።

በአገራችንም የታወቀ ነው

ገደል መውጣት የፈረንጅ ነገር ብቻ እንዳይመስልሽ። ትግራይ ውስጥ ደብረ ዳሞ ገዳም ገደል ላይ ነው ያለው፤ የሚገባው በጠፍር ገመድ ተንጠልጥሎ ነው፣ ለወንዶች ብቻ። ገርዓልታ ያለው አቡነ የማታ ደግሞ ለሴቶችም ክፍት ነው። ጫማ ተወልቆ፣ ድንጋዩ ላይ ባሉ የእጅና የእግር ቦታዎች እየተያዘ ነው የሚወጣው። እኔ አልሄድኩም፣ አንድ የመቀሌ ጓደኛዬ ግን ሄዳለች። «ከታች ያሉት ሰዎች እግሬን ይዘው የት እንደምረግጥ ባያሳዩኝ አልወጣውም ነበር» ብላኛለች። እነዚያ ቦታዎች የተሠሩት ለጸሎት እንጂ ለስፖርት አይደለም። ግን ያንን መንገድ የወጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፦ ገደሉን አንድ ጊዜ አይወጡትም፤ አንድ እግር፣ አንድ እጅ እየተባለ ነው።

ግድግዳው የማያደርገው

እውነቱን ልንገርሽ። ግድግዳው እናቴን አልመለሰልኝም። ደሞዜን አልጨመረም። ፓስፖርቴ እጄ ላይ አልገባም። አንዳንድ ድባቴ የሚመጣው በእውነት ከሚከብድ ኑሮ ነው፤ ደሞዝ የተከለከለች፣ የምትመታ፣ በር የተቆለፈባት እህት የሚያስፈልጋት ስፖርት ሳይሆን መውጫ ነው። እሷን «ግድግዳ ውጪ» ማለት መሳለቅ ነው።

እኔም ቢሆን ተሻለኝ እንጂ አልዳንኩም ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ልጆቹ ትምህርቱን ተዉት፣ የእኔም መውጣት በዚያው ቆመ። እንቅልፌ እንደገና ጠፋ። ያኔ ነው ገና አቅም እያለኝ ለአንድ እህታችን የነገርኩት። እሷ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ፣ መድኃኒት ጀመርኩ፣ እየተሻለኝ ሄደ። ግድግዳው ምን አደረገልኝ ብትዪ ይህን ነው፦ ጭንቅላቴ ማረፍ እንደሚችል አሳየኝ። ማረፍ እንደሚቻል ያወቀ ሰው ዕረፍት ይፈልጋል። ያላወቀ ግን ኑሮ ማለት ያ ጨለማ ብቻ ይመስለዋል።

መሄድ የማትችዪውስ?

ብዙዎቻችን መግቢያ የምንከፍለው ገንዘብ የለንም፣ የዕረፍት ቀን የሌላትም አለች። ፍሪላንስ ሆናችሁ የራሳችሁ ሰዓት ያላችሁ ግን ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንድ እሑድ ሞክሩት፤ ጫማ እዚያው ይከራያል። ለሌሎቻችን ደግሞ ዋናው ነገር ግድግዳው ሳይሆን ከሥሩ ያለው ነው። እሱን በሌላ መንገድ ማግኘት ይቻላል።

ጭንቅላትሽን ከእጅሽ ጋር የሚያስር ነገር ምረጪ። ስፌት፣ ሹራብ፣ ፀጉር መሥራት፣ አዲስ መዝሙር በቃል መያዝ። ዋናው ሐሳብሽ ሲሄድ የሚበላሽ ሥራ መሆኑ ነው። ተከታታይ ቪዲዮ ማየት እንደዚህ አይደለም፤ ዓይንሽ እያየ ልብሽ ያመነዥካል።

ሰውነትሽን ወደሽ አንቀሳቅሺ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እሑድ ከዚህ ስንወጣ በቀጥታ ወደ ስልክ ከምንገባ ኮርኒሽ ላይ ባሕሩን እያየን ብንሄድ ምን አለበት? የቤቱን ደረጃ በሊፍት ፈንታ በእግርሽ ውጪ። ክፍልሽ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሁለት እጅሽን አስደግፈሽ ራስሽን ወደፊትና ወደኋላ ግፊ፤ ዛሬ 5፣ ሌላ ሳምንት 7። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፊው። ያ ወረቀት የአንቺ ግድግዳ ነው፤ የወጣሽውን ያህል ያሳይሻል።

ትንሽ ነገር ምረጪ። «ከዛሬ ጀምሮ እለወጣለሁ» አትበይ። አንድ መያዣ ብቻ። ከአልጋ መነሳት ካቃተሽ እግርሽን መሬት ማስነካት የመጀመሪያው መያዣ ነው።

ብቻሽን አትሁኚ። ታች ቆሞ የሚያይልሽ ሰው ያስፈልግሻል። አንዲት እህት ምረጪና በሳምንት ሁለት ቀን የድምፅ መልእክት ተላላኩ።

አደራ የምለው

ይህን ሳነብ ሳይሆን ስጽፍ የከበደኝ ክፍል ነው። እኛ ከፍታን የምናውቀው ከበረንዳና ከመስኮት ነው። ስድስተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ወልውይ ተብለን ስንት ጊዜ ጠርዝ ላይ ቆመናል። በዚያ ያጣናቸውን እህቶች እናውቃለን። ስለዚህ አደራ፦ በረንዳ፣ መስኮት፣ ጣሪያ፣ የሕንፃ ግድግዳ መለማመጃ አይደለም። ስፖርቱ የሚሠራው ፍራሽ፣ አሠልጣኝና ትክክለኛ ዕቃ ባለበት ብቻ ነው። መስኮት ከውጭ በኩል ወልውይ ስትባዪ ደግሞ «ከዚህ አልወጣም፣ ረጅም እጀታ ያለው መወልወያ ይገዛ» በይ። እኔ ብያለሁ፤ ማዳም ተቆጣች፣ ግን ገዛች።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ የጀርባ ወይም የእጅ ሕመም ካለብሽ፣ ራስ የሚያዞር መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ከመሞከርሽ በፊት ሐኪም ጠይቂ።

«ባልኖር ይሻላል» የሚለው ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ እስከ እሑድ አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ለአንዳችን ደውዪ፤ ሌሊትም ቢሆን፣ ሚስኮልም ቢሆን። ሊባኖስ ውስጥ 1564 ላይ የሚደወልበት ኤምብሬስ የሚባል ድርጅት የስልክ መስመር አለ፤ የተጨነቀን ሰው የሚሰሙ ሰዎች ናቸው። ቋንቋው ከከበደሽ ዓረብኛ የምትችል እህት አብራሽ ትደውል። ካሪታስ ሊባኖስም የስደተኛ ሠራተኞችን የሚረዳ ክፍል አለው። መንገር ውርደት አይደለም። ታች ያለ ሰው የሚያይልሽ ስትጠይቂው ነው።

«ሰነፍ ሆኛለሁ» ላልሽው እህቴ፦ አንቺ ሰነፍ አይደለሽም። ያን ቀን ስለሳቅሁ ይቅርታ። በሚቀጥለው እሑድ ከአልጋ መነሳት ከከበደሽ እኔ እመጣለሁ። ቤትሽ ድረስ፣ በደረጃው።

ለውይይት

1. ስለራሳችን «ሰነፍ ሆንኩ፣ ተበላሸሁ» የምንለው መቼ መቼ ነው? ከሥሩ ሌላ ነገር ይኖር ይሆን?

2. በሳምንት ውስጥ ጭንቅላታችን የሚያርፍበት ሰዓት አለን? ምን ስንሠራ?

3. ኤልያስ መጀመሪያ የተሰጠው ምግብና እንቅልፍ ነበር። እኛ የተጨነቀች እህት ስናገኝ መጀመሪያ የምንሰጣት ምንድነው?

4. ከመካከላችን ለብዙ ሳምንት ያልመጣች ማን ናት? ዛሬ ማን ይደውልላታል? ሳንበታተን እንወስን።